ለአንድ ጆሮ የተፈታ ግዝት

ወንድሜን የገደለችው ሚስቱ ናት ብዬ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም፤ በማንም አላሳብብም። አሳየች እባላለሁ። እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር የሚኖር የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ሁሉ ምላሴን ያውቀዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይቺን ልጅ እግዜር ከምላሷ ጀምሮ ሲሠራት፣ ሌላው ሳይደርስ መሸበት" ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጀምበሩ በፈረንጅ 2015፣ በጥር ወር ነው የሞተው። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጎንደር ተቀምጠን ወደ እስራኤል የመምጫ ተራ ስንጠብቅ ባሌ ሞቶብኝ ብቻዬን ስቀር፣ ወረቀቴን ከወረቀቱ አስጠግቶ እዚህ ያደረሰኝም እሱ ነው። ቤቱ ከቤቴ ሁለት ሕንፃ ቢርቅ ነው። ትምህርት ቤት ነው የማጸዳው፤ ከሥራ ስወጣ እሱ ቤት ሳልገባ አላልፍም ነበር። ገብቼም አርፌ አልቀመጥም። ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ፣ ቁም ሣጥኑን አገላብጣለሁ፣ ሚስቱ ያጠፈችውን ልብስ አፍርሼ እንደገና አጥፋለሁ። ሚስቱ ድንቅነሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "ተይ" ብላኝ አታውቅም። ዝም ትላለች። እኔን ደግሞ ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል።

ጋሼ ከዳስ በዓል ጀምሮ ማሳል ያዘ። "ጉንፋን ነው" አለ። ሥጋው አለቀ፣ ሱሪው በቀበቶ አልይዝ አለ፤ እሱ ግን "ጉንፋን ነው" እንዳለ ነው። ቤቱን ለሰው ሁሉ ዘጋ። እኔን ብቻ መዝጋት አልቻለም፤ ማን ሊዘጋኝ! በየቀኑ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጎርሰዋለሁ፣ ሲያስል ጀርባውን እደግፈዋለሁ፣ እሱ የተወውን ሾርባ እኔ እጨርሰዋለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ይቆጣኛል። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ወድቆ በአምቡላንስ ተወሰደ።

ሆስፒታል ብቻውን አንድ ክፍል ሰጡት። ልገባ ስል ድንቅነሽ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

"አትገቢም።"

"ማን ሆነሽ ነው የምትከለክይኝ?"

"ደክሟል። ሌላ በሽታ እንዳይዘው ነው" አለችኝ። እሷ ግን አፏን ሸፍና ትገባለች፣ ትወጣለች። አሥራ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ከረምኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ፊቱን ሳላየው።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤታችን ማሚቱ "ለመሆኑ ምን ገደለው?" ብላ ጠየቀች። ድንቅነሽ "ስኳር" አለች። ስኳር! ጋሼ ስኳር እንደሌለበት እኔ አላውቅም? ተነሣሁ።

"ውሸታም! ሦስት ወር ሲያስል ሐኪም ቤት ያልወሰድሽው፣ ሊሞት ሲል ፊቱን የከለከልሽኝ፣ አንቺ ነሽ የገደልሽው!"

ድንቅነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ መሬት መሬት አየች። ስለ ራሷ አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ማሚቱ ደግሞ የሰማችውን ሳታደርስ ምግብ አይወርድላትም፤ ሰባቱ ቀን ሳያልቅ ወሬው ጎረቤት ከተማ፣ ቤኤር ያዕቆብ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ድንቅነሽን ሰላም የሚላት ሰው ጠፋ። ሠርግ ስትሄድ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። እኔ ኤች አይ ቪ ደሜ ውስጥ አለ። እዚህ አገር እንደ ገባሁ በተደረገልኝ ምርመራ ነው የተነገረኝ። ባሌን ምን እንደገደለው ያን ቀን ገባኝ። አሥራ ሰባት ዓመት መድኃኒቴን በሽሮ ዕቃ ውስጥ ደብቄ በየቀኑ ውጫለሁ። አንድ ቀን አልዘለልኩም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሼም፤ ለጋሼማ በፍጹም። ያሳደገኝ ሰው በእኔ ከሚያፍር ሞቴን እመርጥ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሳል ጀመረኝ። ሌሊት ሌሊት ላብ አንሶላዬን ያረጥበዋል። ሐኪሜ ከድሮ ጀምሮ "ከሁለት ሳምንት በላይ ካሳለሽ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ" ብሎኛል። አልሄድኩም። ኀዘን ነው አልኩ። ብርድ ነው አልኩ። የትምህርት ቤቱ የወለል መድኃኒት ነው አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ፈርቼ ነው። ያ በሽታ ያለበት ሰው ሲያስል መጨረሻው ምን እንደሚሆን ጎንደር እያለን በባሌ አይቼዋለሁ። ደግሞም ጋሼ ከሞተ ወዲያ ልቤ "እሱን ልከተል" ይላል።

አንድ ቀን ሄርዝል ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ድንቅነሽ መጣች። ጀርባዬን ሰጠኋት። ወዲያው ሳሉ ያዘኝና የማረፊያውን ብረት ይዤ ጎበጥኩ። ቀና ስል ትክ ብላ ታየኛለች።

"ስንት ጊዜ ሆነሽ?" አለችኝ። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ምን አገባሽ! እኔንም ልትቀብሪኝ ነው?"

አውቶቡሳችን ሲመጣ እኔ ገባሁ፤ እሷ አልገባችም። መንገዱን ተሻግራ በሌላ አቅጣጫ የሚሄደውን ስትሳፈር በመስኮት አየኋት። የት እንደሄደች በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው ቄስ ተዘራ ናቸው።

ቄስ ተዘራ ቤኤር ያዕቆብ ነው የሚኖሩት፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው አይስትም። ድንቅነሽ በራቸው ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

"አባ፣ ግዝት አለብኝ። ይፍቱኝ።"

"ማነው የገዘተሽ?"

"ባሌ። ሊሞት ሲል፣ በኦሪቱ ገዝቶኛል።"

"በምን ነገር ላይ?"

"እሱን ከነገርኩዎትማ እዚሁ አፈረስኩት ማለት ነው።"

ቄስ ተዘራ በዕድሜያቸው ሙሉ ስንት ግዝት ፈትተዋል፤ ይህን ዓይነት ግን መጥቶባቸው አያውቅም። የሞተ ሰው ቃል እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። በሕይወት ያለውን ሽማግሌ ልከህ ትለምነዋለህ፤ የሞተውን በማን ትለምነዋለህ?

"ባልፈታሽስ ምን ይመጣል?"

"ሰው ይሞታል፣ አባ።"

"ዘመድሽ ነው?"

"በሰው ፊት 'ገዳይ' ያለችኝ ናት።"

ቄሱ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ሁሉ ገባቸው። ቀጥለው አልጠየቁም። ተነሥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ "ለአንድ ጆሮ ፈትቼሻለሁ። ከዚያ ጆሮ ውጭ ግን ግዝቱ እንደታሰረ ነው። ኃጢአትም ካለው በእኔ ላይ ይሁን" አሏት። በኋላ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ ሙሉውን ፈትተውላታል፤ አለዚያ እኔም ይሄን ለእናንተ አላወራም ነበር።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ድንቅነሽ ናት።

"አትግቢ!"

"ገብቻለሁ" አለች፤ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቶቼን ሁሉ መክፈት ነው። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመች። ተቀመጭ አላልኳት፣ አልተቀመጠችም።

"ጀምበሩን የገደለው የሳምባ ነቀርሳ ነው። ሐኪሞቹ የደረሱበት አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። 'ከማን ጋር ትውላለህ?' ሲሉት 'ከሚስቴ ብቻ' አላቸው። አንቺ አጠገቡ ሦስት ወር ተቀምጠሻል። እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፤ አንቺን ግን ማንም አልመረመረሽም። ሳልሽም ያው የሱ ሳል ነው።"

"ነቀርሳ እኮ ይድናል!" አልኩ። "እዚህ አገር በነቀርሳ ማን ይሞታል?"

"ደሙ ውስጥ ያ በሽታ ነበረ።" ቃሉ እንዲህ ቀስ ብሎ ወጣላት። "ኤች አይ ቪ። ስንት ዓመቱ። መድኃኒቱን እየወሰደ ደህና ነበር። ከመሞቱ በፊት አንድ ዓመት ተኩል ያህል አቆመው። ሰውነቱ መከላከል ሲያቅተው ነቀርሳው ገባ።"

"ለምን አቆመ?" አልኳት።

ወደ ከፈተችው መስኮት ዞረች።

"ድንቅነሽ፣ ለምን አቆመ? ንገሪኝ!"

"ቁም ሣጥኑን ትከፍቺ ነበር" አለች። ዓይኔን አላየችም። "አንድ ቀን ብልቃጡን ልታገኚው ትንሽ ቀርቶሽ ነበር። እሱ ደግሞ 'አሳየች ካወቀች እሞታለሁ' አለ። ውጭ ሲያስቀምጥ ይረሳል፣ ሲረሳ ይዘላል፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ተወው። እኔ ለምኜዋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ሐኪም ቤትም ያልሄደው ለዚሁ ነው። ሊሞት ሲል ደግሞ ገዘተኝ።"

ወይኔ አሳየች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ጮሄ የማለቅስ መስሏት ነበር። የሽሮውን ዕቃ ይዤ ወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ከሽሮው መካከል ብልቃጤ ወጣ።

"ይኸው" አልኳት። "አሥራ ሰባት ዓመቴ።"

ድንቅነሽ ብልቃጡን አነሣች፣ ሽሮውን በነጠላዋ ጠረገች፣ አገላብጣ አየችው። ባሏ የተወውን መድኃኒት ስሙን ታውቀዋለችና ሳትጠይቀኝ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች።

"እሱ ሐሙስ ሐሙስ ነበር ክሊኒኩ የሚሄደው" አለች።

"እኔ ማክሰኞ።"

"አንድ ክሊኒክ?"

"አንድ ክሊኒክ።"

እሱ ከእኔ ሲደበቅ፣ እኔ ከእሱ ስደበቅ፣ በአንድ በር ስንወጣ ስንገባ ኖረናል። አንዳችን አፍ ቢኖረን ኖሮ ጋሼ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። እኔ፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሴት! ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሳሉና ልቅሶው ተቀላቅሎ ትንፋሽ አጠረኝ። ድንቅነሽ በብብቴ ይዛ አነሣችኝ።

"ልቅሶውን ኋላ ታለቅሺዋለሽ። አሁን ጫማሽን አድርጊ።"

ጫማዬን ያደረገችልኝ እሷ ናት። ምስጋናዬን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው የምቆጥረው። ገዳይ ያልኳት ሴት ወለሌ ላይ ተንበርክካ የጫማዬን ክር አሰረች።

ነቀርሳው ተገኘብኝ። ሐኪሙ "አንድ ወር ብትዘገዪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው" አለኝ። የነቀርሳው ክሊኒክ ነርስ ሊሞር የምትባል የእኛው ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋ ይሰናከላል፤ እኔን እናቷን የማህለውን ሴት "አንቺ" ስትለኝ ግን አልተቀየምኩም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"አይዞሽ እማማ አሳየች። ኤች አይ ቪ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ አይደለም የሚገድለው። ነቀርሳ ነው። በዓለም ሁሉ እንደዚህ ነው። ግን አንቺ የኤች አይ ቪ መድኃኒትሽን አላቋረጥሽም፣ ሰውነትሽ ሓዛቅ ነው፣ ጠንካራ። ስድስት ወር ትውጫለሽ፣ ትድኛለሽ። ቤሰደር? እሺ?"

"ቤሰደር" አልኳት። የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ከነቀርሳው ጋር እንዳይጣላ ለወጡልኝ።

"አንድ ነገር አለ" አለች ሊሞር። "በየቀኑ ስትውጪ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሕጉ ነው። ወይ እዚህ ትመጫለሽ፣ ወይ ከቤት አንድ ሰው—"

"እኔ አለሁ" አለች ድንቅነሽ።

እናንተ፣ ስድስት ወር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በየጠዋቱ፣ ሥራ ሳልሄድ፣ ድንቅነሽ በሬ ላይ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፏን ሸፍና፣ ከዚያ በኋላ ሳትሸፍን። እኔ ሆዴን ያቅለሸልሸኛል፣ እሳደባለሁ፣ "ዛሬስ አልውጥም፣ ሂጂልኝ!" እላለሁ። እሷ ውሃውን ይዛ ትቆማለች። ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ሆኖ "ደሜ ፈሰሰ!" ብዬ ስጮህ፣ "መድኃኒቱ ነው፣ ሊሞር ነግራናለች" ብላ የውሃውን ብርጭቆ ትሰጠኛለች።

ከዋጥኩ በኋላ "አፍሽን ክፈቺ" ትለኛለች።

"ዋጥኩ አልኩሽ እኮ!"

"ምላስሽን አንሺ። እሱ ሥር ስንት ነገር እንደሚደበቅ አይታወቅም።"

ሠላሳ ዓመት ዝም ያለች ሴት ቀልድ ታውቃለች ለካ! ያን ቀን ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ቀስ በቀስ ሥጋዬ ተመለሰ። ሳሌ ጠፋ። በኅዳር መጨረሻ ሊሞር "ነጻ ነሽ" ብላ አቀፈችኝ፤ እኔ ደግሞ ድንቅነሽን አቀፍኩ። ጠባብ ትከሻዋን የዚያን ዕለት ነው ያወቅኋት።

ግን አንድ ነገር አልተነሣልኝም። ሰው ዛሬም እሷን "ባሏን የገደለች" ይላታል። ይህን ስም የቀባኋት እኔ ነኝ። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው በጓዳ ይቅርታ አይነጻም። የጋሼ የዓመት ተዝካር ሲደርስ፣ "እዚያ ቆሜ እናገራለሁ" አልኳት።

"እንዳታደርጊው" አለች። "የእሱን ከተናገርሽ ግዝቱ አለ።"

"የእሱን ማን ይናገራል? የራሴን ነው።"

"አብደሻል? የራስሽን ብትናገሪ እዚህ ሰፈር ማን ያናግርሻል? ማን ከእጅሽ ይበላል? እኔን ተዪኝ፤ ለምጄዋለሁ።"

"እኔ አልለመድኩትም" አልኳት።

ተዝካሩ ላይ ቄስ ተዘራ ጸለዩ፣ ዳቦውን ባረኩ። ሰው መብላት ሳይጀምር ተነሣሁ። እኔ ልናገር ስነሣ የማልፈራ ሴት፣ ያን ቀን የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ቆምኩ።

"ጆሮ ስጡኝ" አልኩ። "አምና ድንኳን ውስጥ ድንቅነሽ ገዳይ ናት ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። አላውቅም ነበር፣ ስላላወቅኩ ዋሽቻለሁ። አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። እኔ አሳየች አሥራ ስምንት ዓመት ኤች አይ ቪ ይዤ ኖሬአለሁ። ማሚቱ፣ አትንጫጪ፣ ስጨርስ ትሄጃለሽ። ዘንድሮ የሳምባ ነቀርሳ ያዘኝ፤ እንደኔ ያለውን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ሞቴን ተቀብዬ ተቀምጬ ነበር። ሳሌን ሰምታ ያነሣችኝ፣ ስድስት ወር በየጠዋቱ መድኃኒት ያዋጠችኝ ይህቺ ሴት ናት። ዛሬ ድኛለሁ፤ ለማንም አላስተላልፍም። እኔን የሚፈራ ይፍራ። እሷን ግን ከዛሬ ወዲያ ክፉ ቃል የሚናገራት፣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።" ዞር ብዬ ድንቅነሽ እግር ላይ ወደቅሁ። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ።"

ዳቦውን ሊነካ የሞከረ ሰው አልነበረም። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ድንቅነሽ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ከፊቴ ካለው ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች። ቄስ ተዘራ ቀጥለው ቆረሱ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው።

ሰው ሊበተን ሲል ማሚቱ በጎን መጣችና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። "ያ የሳል ምርመራ፣ ቱር፣ ቀጠሮውን፣ ይዞ ነው ወይስ እንዲሁ ይኬዳል?"

"ለማን ነው?"

"ለሰው ነው።"

"ቤሰደር። ያቺን ሰው ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ፤ አብረን እንሄዳለን።"

ማሚቱ ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

እኔና ድንቅነሽ ወደ ቤት ስንመለስ ሄርዝል ጎዳና ላይ ወደ አውቶቡሱ እየተራመድን ነበር። ወራት ሙሉ ልጠይቃት ስፈልግ የቆየሁትን ጠየቅኋት።

"ያን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ፣ እንዲያ አዋርጄሽ፣ ለምን መጣሽ? ብሞትልሽ አትገላገይኝም ነበር?"

ትንሽ ሄደች።

"ጀምበሩ ሊሞት ሲል እጄን ያዘኝ" አለች። "'ለአሳየች እንዳትነግሪያት፣ ገዝቼሻለሁ' አለኝ። ትንፋሹ አጠረበት። ትንፋሽ ሰበሰበና ደግሞ፣ 'አሳየችን አደራ' አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሁለቱን አብሬ ልይዝ ሞከርኩ። ስታስዪ ስሰማሽ አቃተኝ። አንዱን ጣልኩ።"

እግሬ ቆመ። እሷ አልቆመችም።

"ነይ እንጂ" አለችኝ ዞራ። "አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው።"